የሚቆይ መምህር

በላስታና በአጎራባቹ ዋድላ ለዘመናት መምህር ማለት የኔታ ነበሩ። የቅኔ ቤቶች ስም ሲነሣ ዋድላ ከጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ ጋር አብሮ ይጠራል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከሩቅ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ የሚሄድበትን የሚመርጠው በመምህሩ ዝና ነው። ቀን ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውን ሲነግር የኔታ ያዳምጣሉ፣ የተሰበረውን ቤት ያቃናሉ፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ያሳዩታል። ይህ ሥራ በሴሚስተር አይለካም። ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ ለምኖ ይበላል፤ የየኔታም መተዳደሪያ ከደብሩና ከገበሬው ነው። ዝናብ ሲቀር የገበሬው ረሃብ እሳቸውም ጎጆ ይገባል። አባትን አስተምረው ልጁን ለመቀበል የደረሱት፣ አገሩንም ከነችግሩ ያወቁት በዚህ ይመስለኛል።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ ደጋው ይዞት የወጣው መምህር ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ የነበረው ለአንድ ዓመት ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አዘመተ፤ ጊዜው ሲያልቅ ዘማቹ ተመለሰ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ በዙር በዙር እየተካሄደ፣ በጣት አሻራ ይፈርም የነበረውን ብዙ ገበሬ ስሙን አስጻፈው። ይህን ውለታ ማሳነስ አይገባም። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ላስታን ጨምሮ ወሎን ሲፈጅ ፊደል የቆጠረው ገበሬ ራሱ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በዝቷል። በዳስ የተጀመረ ክፍል በድንጋይና በቆርቆሮ ተተክቷል። የመምህሩ ልብ ግን ዝውውር ላይ ነው፤ አልፈርድበትም። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ እስከ ተከዜ ሸለቆ ብዙው ቀበሌ ከመኪና መንገድ የራቀ ነው፤ ደመወዙ የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ አይችልም። የልጆቹን ስም ለይቶ፣ ማን ምን እንደሚችል ባወቀ ማግስት ይሄዳል።

መምህር ሲቆይ ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ አርሲ፣ ወደ በቆጂ ልሂድ። ስንታየሁ እሸቱ በዚያች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ሲሮጡ ዓይኑ የገቡትን ልጆች ማሠልጠን ጀመረ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም በዚያው ቆየ። በእጁ ካለፉት መካከል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው 4 ወርቆች በሙሉ የሁለት የበቆጂ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ የቀነኒሳ በቀለ፣ ሁለቱ የጥሩነሽ ዲባባ።

ብዙዎች ምክንያቱን ከፍታውና አየሩ ነው ይላሉ። ከፍታውማ ላስታም አለው፤ እዚያም ልጆች ገደል ወጥተው ወርደው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። እኔ የምመዝነው ስንታየሁን ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ቀጫጫ የነበረችው ልጅ ዛሬ እንዴት እንደምትሮጥ የሚያውቀው እዚያው ስለነበረ ነው። የኔታም የተማሪያቸውን የትናንት ቅኔ ከዛሬው የሚያስተያዩት በዚሁ መንገድ ነው።

የቅርቦቹ ዓመታት ለላስታ መምህር ከሁሉም ይከፋሉ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ላሊበላ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ቁስሉ ሳይሽር በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልልን ያዳረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ።

ለመምህር ቤት መሥራት ለአገሬው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለየኔታ ጎጆ ሲቀልስ ኖሯል። የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ዳግም ሲከፈቱ የወላጅና መምህር ኅብረቱ ከጥቁር ሰሌዳው እኩል ያንን ጎጆ ቢያስብ፣ መንግሥትም በሩቅ ቀበሌ ለሚያስተምር ሰው የቆየበትን ዓመት ቆጥሮ ቢጨምርለት እመኛለሁ።