ከአስተስርዮ እስከ ስግድ፦ የሰፈራችን ሰባት የመጸው ሰንበቶች

(የድምፅ ክፍሉ በጽሑፍ)

በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ያላችሁ፣ ሐሙስ ከሰዓት ሻንጣችሁን ተሸክማችሁ ከጦር ሰፈር ወደ ቤት በባቡር እየመጣችሁ የምታዳምጡንም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ መዝናኛ ነው። በመጸው ወራት ሐሙስ ማታና ቅዳሜ ማታ በሰፈራችን ምን አለ? ብዙዎቻችን ጥያቄው ሳያልቅ "ምንም የለም" ብለን ወደ ቴል አቪቭ እንነዳለን። እስቲ ዛሬ ቀን መቁጠሪያውን ይዘን አብረን እንየው። በነገራችን ላይ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። ስግድ የሚውለው በሄሽቫን ወር 29ኛው ቀን ነው። ዮም ኪፑርን፣ ማለትም ሽማግሌዎቻችን አስተስርዮ የሚሉትን ቀን፣ አንድ ብላችሁ ብትጀምሩ ስግድ ሃምሳኛው ይሆናል። ከአንዱ እስከ አንዱ 49 ቀን፣ ልክ ሰባት ሳምንት አለ። ስለዚህ ሁለቱ በዓላት ከሳምንቱ ቀኖች በአንዱ ዕለት ይገናኛሉ። በ2025 ኪፑር ሐሙስ ነበር፤ ስግድም ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20 ዋለ። በ2026 ኪፑር ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ነው፤ ስግድም ሰኞ ኖቬምበር 9 ነው። ኪፑር ቅዳሜ ሲሆን ግን በሰንበት ጾምና ጉዞ ስለማይሆን ስግድ ወደ ሐሙስ ይቀደማል። በ2024 ኖቬምበር 28 ላይ የተከበረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መጸው ለእኛ ሰባት ሳምንት የሚፈጅ መንገድ ነው ማለት ነው። በዚህኛው ጫፍ አስተስርዮ፣ በዚያኛው ጫፍ ስግድ አለ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የመጨረሻውን ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ በከተማችን ያለው የባህል ኑሮ በዚያ አንድ ምሽት ብቻ ከቀረ እየሳሳ ይሄዳል። ሰባቱን ሳምንት ከተጠቀምንበት ግን ከዓመት ዓመት የሚዘልቅ ነገር ይኖረናል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ወደ አገር ቤት እንመለስ። በኢትዮጵያ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይወጣል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ አደይ አበባ ይፈነዳል፤ መንገድም ይከፈታል። ስግድ የሚመጣው ሰው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ መጓዝ በሚችልበት ወቅት ነው። በጎንደር አካባቢ እንደ አምቦበር ባሉ ቦታዎች ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይሰበሰብ ነበር። ጠዋት ይጾማል፤ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ሰዉም ይከተላል። ላይ ሆነው በሲና ተራራ ስለተሰጠው ሕግ፣ ስለ ዕዝራና ስለ ነህምያም ይነበባል። ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማው ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ይተረጎማል። ነጋሪትና ቃጭል ከዜማው ጋር ይሰማሉ። ከቀትር በኋላ ደግሞ ሕዝቡ እየዘመረና እየጨፈረ ይወርዳል፤ ጾሙ ይፈታል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ እስክስታው ይቀልጣል።

አያችሁ? ስግድ ሁለት ግማሽ አለው። የላይኛው ግማሽ ጾም፣ ንባብና ጸሎት ነው። የታችኛው ግማሽ ምግብ፣ ዘፈንና ጭፈራ ነው። በ2008 ክነሴቱ ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ ከደነገገ ወዲህ በዓሉ በየከተማው ይታወቃል። በማትናስ ወይም በባህል አዳራሽ የሚዘጋጀው የስግድ ምሽት ግን በአብዛኛው የታችኛውን ግማሽ ነው የሚያሳየን፦ እንጀራ፣ ቡና፣ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ የእስክስታ ቡድን፣ የከንቲባ ንግግር። ደስ ይላል፣ አይካድም። ችግሩ ተራራውን ሳንወጣ መውረዳችን ላይ ነው። ለላይኛው ግማሽ ደግሞ ዝግጅት ያስፈልጋል፤ ሰባቱ ሳምንት የሚጠቅሙን ለዚህ ነው።

በሉ እንግዲህ ሳምንቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሱኮት ይያዛሉ። በእኛ አጠራር የመጸለት በዓል ነው። በሆል ሃሞዔድ ቀኖች አገሩ ሁሉ ፌስቲቫል ይሆናል። ቴአትር የሚወድ ካለ በአኮ ከተማ ከ1980 ጀምሮ የሚካሄደው የአማራጭ ቴአትር ፌስቲቫል በዚሁ በሱኮት ነው የሚውለው፤ ቀኑ የሥራ ቀን ከሆነ ባቡር አለ። ከዚያ ሲምሃት ቶራ ይመጣል። ድሮ በዓሉ በወጣበት ምሽት ከተሞች በአደባባይ ሙዚቃና ጭፈራ ያዘጋጁ ነበር። ከ2023 ወዲህ ግን ያ ቀን ለብዙ ቤተሰብ የሐዘን ቀንም ሆኗል፤ ከማኅበረሰባችንም ልጆቻቸውን ያጡ አሉ። በዚያ ምሽት ከጭፈራ በፊት ጎረቤት ሄዶ መቀመጥ ከማንኛውም ዝግጅት ይበልጣል።

ሦስተኛው ሳምንት ሁሉም ሰው "አሃሬ ሃሃጊም" እያለ ያስተላለፈው ነገር የሚጀምርበት ነው። የባህል አዳራሾች የዓመቱን የትርኢት ወቅት የሚከፍቱት በዚህ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ የከተማ አዳራሽ ትርኢቱን የሚይዘው ከወራት በፊት ነው፤ የሚመርጠውም ባለፈው ዓመት ማን ትኬት እንደገዛ አይቶ ነው። እኛ በነጻው የስግድ ምሽት ብቻ አዳራሹን ሞልተን በሌላው ጊዜ ካልታየን፣ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው "ኢትዮጵያውያኑ በዓመት አንዴ ነው የሚመጡት" ብሎ ይደመድማል። ክፋት ላይኖርበት ይችላል፤ ያየውን ቆጥሮ ነው። ስለዚህ የምትወዱት አርቲስት በያቭኔ ወይም በገዴራ ሲመጣ ትኬቱን ቀድማችሁ ግዙ። ካልመጣ ደግሞ ሰብሰብ ብላችሁ ወደ ማትናሱ ሂዱና የወጣቶች ክፍል ኃላፊውን ስም ጠርታችሁ "እገሌን አምጡልን፤ ይህን ያህል ሰው ይመጣል" በሉ። ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰው አቤቱታ ብቻ ይዞ ከሄደው ይልቅ ይደመጣል።

ማንን እናምጣ? ከቅርባችን እንጀምር። "ካፌ ሻሆር ሃዛክ" ኢላክ ሳሃሉና ኡሪ አላሞ የገዴራ ልጆች ናቸው፤ ቅጥራችን ውስጥ ያደገ ሙዚቃ አገር ሙሉ ዘፍኖታል። አስቴር ራዳ በ2014 ባወጣችው አልበሟ የሙሉቀን መለሰን "ናኑ ናኑ ነይ" እንደገና ተጫውታዋለች። ጊሊ ያሎ በዕብራይስጥ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዘፍናል። አባተ በሪሁን ደግሞ በሳክስፎኑ የአገር ቤትን ዜማ ከጃዝ ጋር ያገናኛል። እነዚህን ስትሰሙ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከጀርባ ያለው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። እናታችሁ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉረውም በዚያው ቅኝት ሳይሆን አይቀርም። ያንን ጆሮ ካገኛችሁ ኮንሰርቱ ሌላ ጣዕም ይኖረዋል።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት ላይ ሰዓቱ ይለወጣል፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ወደ ክረምት ሰዓት እንመለሳለን። ይህ ለመዝናኛ ትልቅ ነገር ነው። በሴፕቴምበር ሰንበት የምትወጣው ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ ነው፤ እስክትነሱና እስክትለብሱ ምሽቱ ያልቃል። በኖቬምበር ግን አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ላይ ሰንበት ወጥታለች። ሞጻሽ ረጅም ይሆናል። ፊልም ለማየት፣ ትንሽ ትርኢት ለማዘጋጀት፣ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ቤት ለመጥራት ጊዜ አለ። ዝናቡም መምጣት ስለሚጀምር ዝግጅታችሁን ሜዳ ላይ ካሰባችሁ ጣሪያ ያለው ቦታ በመጠባበቂያ ያዙ።

ለአንድ ሞጻሽ ፊልም ልጠቁማችሁ? የባዚ ጌቴ "ቀይ ቅጠሎች" በ2014 የወጣ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ቤቱን ሸጦ በልጆቹ ቤት ተራ በተራ ሊኖር ሲነሳ የሚደርስበትን ያሳያል፤ ዋናውን ሰው የተጫወተው ታላቁ ተዋናይ ደበበ እሸቱ ነው። ከወላጆች ጋር አብራችሁ እዩትና ከዚያ ተነጋገሩ፤ ዝም ብሎ የሚያልፍ ፊልም አይደለም። መሳቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዮሲ ቫሳ ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነበት "ነብሱ" የተባለው ተከታታይ አለ፤ በ2018 ዓለም አቀፍ ኤሚ ሽልማት በኮሜዲ ዘርፍ አግኝቷል።

ስድስተኛው ሳምንት የቤት ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ስልክ ዝም ማሰኘት ነው። ዓርብ ማታ ወይም ሰንበት ከሰዓት ቡናው ሲፈላ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ "አባባ፣ በእናንተ መንደር ስግድ ለማክበር የት ነበር የምትወጡት? ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር? ቄሱ ማን ነበሩ? እማማ፣ ስትወርዱ ምን ብላችሁ ነበር የምትዘፍኑት?" ሰንበት ስትወጣ የሰማችሁትን በድምፅ ቅዱት፤ እንዲደግሙላችሁ ጠይቋቸው። እነዚያን መንገዶች በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ግዕዙን ከልጅነታቸው የተማሩት ቄሶችም እንዲሁ። ማንም አዳራሽ ይህን በትኬት አይሸጥላችሁም።

ሰባተኛው ሳምንት ራሱ ስግድ ነው። ዋናው ሥነ ሥርዓት በኢየሩሳሌም፣ በአርሞን ሃናጺቭ ጠየሌት ላይ ነው። ከየከተማው አውቶቡስ ይነሳል፤ ማትናሱን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ፈቃዱን ካሁኑ ተነጋገሩበት። ስትሄዱ እባካችሁ ጓደኛ ለማግኘትና ፎቶ ለመነሳት ብቻ አትሂዱ። ለግማሽ ሰዓት እንኳ ወደ ቄሶቹ ጠጋ በሉ፤ ጥላዎቹ ሥር ቆማችሁ ስሙ። ባይገባችሁም ስሙ። ማታ በከተማችሁ ዝግጅት ካለ ያን ጊዜ ተራራ ወጥቶ እንደወረደ ሰው ትጨፍራላችሁ።

ስለ መንገዱ አጭር ነገር። ያቭኔ ሁለት የባቡር ጣቢያ አላት፤ ቂርያት ማላኪ ዮአቭ ጣቢያ ደግሞ በ2018 ተከፍቷል፤ ግን ከከተማው ወጣ ስለሚል እስከዚያ የሚያደርሳችሁን አስቡ። ዓርብ ከሰዓት ጀምሮ ባቡርም አውቶቡስም የለም። ስለዚህ ለሐሙስ ማታ ወይም ለሞጻሽ ስታቅዱ ሦስቱን ከተሞች እንደ አንድ ሰፈር ቁጠሯቸው፦ አንድ መኪና ያለው ልጅ አራት ሰው ይይዛል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ደግሞ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሩቅ አይደለም።

"መዝናኛ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?" የሚል ይኖራል። ቂርያት ማላኪ ስሟን ያገኘችው ከሎስ አንጀለስ፣ ከመላእክት ከተማ ነው፤ የዚያ ከተማ አይሁዶች ስትመሠረት ስለረዷት። በጃንዋሪ 2012 ግን ስሟ በየዜናው የተነሳው በሌላ ምክንያት ነበር፦ አንዳንድ የሕንጻ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ። ያኔ የእናንተ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች አደባባይ ወጡ። ሲቆጡ አደባባይ መውጣት ተገቢ ነበር። ግን አደባባዩ በቁጣ ጊዜ ብቻ የእኛ መሆን የለበትም። አዳራሹ፣ መድረኩ፣ የሐሙስ ማታው ወንበርም የእኛ ነው። ጎረቤት ማሲንቆ ሰምቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅበት ምሽት፣ ሃያ የሰላማዊ ሰልፍ መፈክር ያላደረገውን ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ዛሬ ማታ የጓደኞቻችሁን ግሩፕ ክፈቱና ሦስት ቀን ምረጡ፦ አንድ ለአዳራሽ፣ አንድ ለአያት ቤት፣ አንድ ለኢየሩሳሌም። ቀኑን ጻፉት፣ ማን መኪና እንደሚያመጣም ጻፉ። የተቀሩትን ሰንበቶች እንደፈለጋችሁ አድርጓቸው፤ ቴል አቪቭም የትም አትሄድም።