የፍራንዝ ማርክ ሰማያዊ ፈረስና የስሜት ምልክትነቱ

ፈረስ በብዙ ሕዝቦች ሥዕል ውስጥ ጥንታዊ ስፍራ ያለው እንስሳ ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጋላቢው ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስ ክብሩን የሚያገኘው ከሰማዕቱ ነው። አባ ታጠቅ ሲባል ዐፄ ቴዎድሮስ፥ አባ ዳኘው ሲባል ዳግማዊ ምኒልክ እንደሚታወሱ ሁሉ፥ ፈረሱና ጌታው በአንድ ስም ይጠራሉ። ጀርመናዊው ሠዓሊ ፍራንዝ ማርክ (1880–1916 እ.ኤ.አ.) ግን ጋላቢውንም ኮርቻውንም አስወግዶ ፈረሱን ብቻውን አቆመው። ፈረስ ዓለምን እንዴት ያያት ይሆን የሚለው ጥያቄ የሥራው መነሻ ነበር።

በ1911 የሣለውና ዛሬ በሙኒክ ከተማ በሌንባኽሐውስ ሙዚየም የሚገኘው «ቀዳማዊ ሰማያዊ ፈረስ» ለዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ገና ለጋ የሆነ ፈረስ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይታያል፤ ራሱን ግን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ደፍቷል። ገላው ሰማያዊ፥ ጋማው ከገላው ይልቅ የጠቆረ ነው። ከበስተ ኋላው ያሉት ኮረብታዎች ቀይ፥ ብጫና ወይን ጠጅ ቀለም ለብሰዋል።

የቀለሙን ምሥጢር ሠዓሊው ራሱ በታኅሣሥ 1910 ለወዳጁ ለሠዓሊው ለአውጉስት ማከ በጻፈው ደብዳቤ ገልጦታል። እንደ እርሱ አስተያየት ሰማያዊ የወንድነትና የመንፈሳዊነት፥ ብጫ የሴትነት፥ የርኅራኄና የደስታ ምልክት ነው፤ ቀይ ደግሞ ሁለቱ ሊያሸንፉት የሚገባ የግዙፍ ቁስ አካል ቀለም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ነጭነት ምእመኑ ሁሉ ያውቀዋል፤ ትርጉሙን ያጸናው የማኅበሩ ልማድ ነውና። የማርክ ሰማያዊ ግን የተመሠረተው በአንድ ሰው ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤውን ያላነበበ ሰው ከሥዕሉ ምን ያገኛል? መልሱ ከቀለሙ ይልቅ በፈረሱ አቋቋም ላይ ይገኛል። የተደፋ ራስና ያረፈ አንገት ትካዜንና ዝምታን ይናገራሉ፤ ይህንንም ከፈረስ ጋር የኖረ ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ሊረዳው ይችላል። ሰማያዊው ቀለም ይህን ስሜት ያጠልቀዋል እንጂ ብቻውን አይፈጥረውም።

የማኅበር ልማድ ያልጠበቀው ምልክት ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን የሌላው ሥዕል ዕጣ ያስረዳል። ሁለት ሜትር የሚረዝመውን «የሰማያዊ ፈረሶች ግንብ» ማርክ በ1913 ሣለው፤ በ1919ም የበርሊን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ገዛው። በ1937 ግን ናዚዎች ነጥቀው የተበላሸ ጥበብ ብለው በሙኒክ ለመዘባበቻ አቆሙት። የጀርመን መኮንኖች ማኅበር ስለ ተቃወመ ሥዕሉ ከትርኢቱ ተነሣ። የተቃውሞው ምክንያት ግን የፈረሶቹ ትርጉም አልነበረም፤ ሠዓሊው በመጋቢት 1916 በቬርደን ጦር ሜዳ ስለ ጀርመን መውደቁ ነበር። ጋላቢውን ያስወገደውን ሥዕል ለጊዜው ያዳነው እንደ ገና የጋላቢው ስም ሆነ ማለት ነው። ከዚያም ሥዕሉ በጎሪንግ እጅ ገባ፤ ከ1945 ወዲህም የደረሰበት አልታወቀም።

ስለዚህ የዘመናዊ ሥዕልን የስሜት ምልክት የሚመረምር ተማሪ፥ ሠዓሊው በቃሉ የተናገረውን፥ ማኅበሩ በልማድ የሚያውቀውንና የተሣለው አካል ራሱ የሚያሳየውን ለይቶ መመዘን ይገባዋል። ሦስቱ ሲደባለቁ የአንድ ሰው አሳብ የሕዝብ እምነት መስሎ ይታያል።