የፔንግዊኑ ጌም ሙዚቃ የማን ነው? ሁላችንም ሰምተነዋል፣ ማንም ግን አያስታውሰውም

ዛሬ ከፖለቲካውም ከቡና ዋጋውም ትንሽ ወጣ እንበል።

ቲቪ ላይ የሚሰካውን፣ ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» ተብሎ የተጻፈበትን፣ ሲከፈት ግን ያው ጥቂት ጌም እየተደጋገመ የሚመጣበትን ማሽን የምታውቁ ብዙ ናችሁ። ታንኩን፣ ማሪዮን፣ ኮንትራን ሁሉም ያስታውሳል። ከነሱ ጋር ግን በአንዳንዱ ካሴት ላይ በረዶ ላይ የሚሮጥ አንድ ፔንግዊንም ነበር። ዓሣ ይለቅማል፣ ቀዳዳ ይዘላል፣ ሰዓቱ ሳያልቅበት ጣቢያ ደርሶ የአንድ አገር ባንዲራ ይሰቅላል። ሙዚቃውስ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ ዜማ ነው፣ ዙሪያውን ይሽከረከራል።

ጌሙ «አንታርክቲክ አድቬንቸር» ይባላል። የጃፓኑ ኮናሚ እ.ኤ.አ በ1983 ለኮምፒውተር አወጣው፣ በ1985 ደግሞ ኒንቴንዶ ለሠራው ፋሚኮም ለሚባለው ማሽን። እኛ ጋ የደረሱት ርካሽ ማሽኖች የዚህ የፋሚኮም ኮፒዎች ናቸው።

ዜማው ግን የኮናሚ አይደለም። ኤሚል ዋልድቶይፈል የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ በ1882 የጻፈው «የበረዶ ተንሸራታቾች» የተሰኘ ቫልስ ነው። አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት እየተባለ የሚጨፈርበት የዳንስ ሙዚቃ ማለት ነው። ሰውየው በ1915 ነው የሞተው። ያኔ ቴሌቪዥን እንኳን የለም፣ ጌም ከየት ይመጣል?

ታዲያ ለምን የሌላ ሰው ዜማ? አንደኛ፣ ደራሲው ከሞተ ብዙ ዓመት ስላለፈው የመብት ክፍያ አይጠየቅበትም። ሁለተኛ፣ ቦታ የለም። የዚያን ጊዜ ትናንሽ ካሴቶች ሙሉ ጌሙን፣ ሥዕሉንም ድምፁንም፣ በ24 ወይም በ40 ኪሎባይት ውስጥ ነበር የሚይዙት። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አጭር ዜማ ወስዶ ማዞር ነው አዋጩ።

ማሽኑም ዘፈን አያጫውትም፣ ራሱ ነው ድምፁን የሚፈጥረው። አምስት ድምፅ ብቻ አለው። ሁለቱ ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዱ ቤዝ ይመታል፣ አንዱ እንደ ከበሮ «ሽሽ» ይላል፣ አምስተኛው አጫጭር የተቀዱ ድምፆች ያሰማል። የሚዘለው፣ ዓሣ የሚይዘው ድምፅም ከእነዚሁ ላይ ተቀንሶ ነው የሚመጣው። ሙሉ ኦርኬስትራ የተጻፈለት ቫልስ እዚህ ውስጥ ሲገባ ጭው ያለ ፉጨት ቢሆን አይገርምም።

ሌላም ነገር አለ። የጃፓኑ ማሽን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይቀይራል፣ ሙዚቃውም ከዚያ ጋር ነው የሚቆጥረው። የኛ አገር ቲቪ የሚከተለው የፓል ሥርዓት ደግሞ 50 ጊዜ ነው። ማሽኑ ለፓል የተሠራ ከሆነ፣ አንድ ደቂቃ የነበረው ሙዚቃ 1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የሰማነው የዘገየውን ነው።

ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልገናል ካላችሁ፣ ጉዳዩ የስም ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የጃፓን ኩባንያዎች ተፎካካሪ እንዳይወስድባቸው ብለው የሠራተኞቻቸውን ስም አያወጡም ነበር። ኮፒ አድራጊዎቹ ደግሞ የኩባንያውን ስም ሳይቀር ከስክሪኑ ላይ ያጠፉ ነበር። ዋልድቶይፈል በስሙ ስለታተመ ከ140 ዓመት በኋላም እናገኘዋለን። ያንን ዜማ ቁጭ ብሎ ለአምስት ድምፅ ያቀናበረውን ባለሙያ ግን ጌሙን የተጫወተ ልጅ በምን ያውቀዋል?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ጪጩም ሆነ ዲላ በስልኩ ቢት የሚሠራ፣ ለሠርግ ቪዲዮ ወይም ለማስታወቂያ ማጀቢያ የሚያቀናብር ልጅ አይጠፋም። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ሥራልኝ» ይባላል፣ ይልካል፣ ከዚያ ሥራው ያለ ስሙ ከስልክ ስልክ ይዞራል።

ሕጉ ግን ከሱ ጋር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በ2007 ተሻሽሏል) የሥራ አመንጪው በባለቤትነት እንዲታወቅ መብት ይሰጠዋል። የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ማጀቢያ ነው፣ አጭር ነው፣ ማንም አያስታውሰውም ተብሎ የሚቀር መብት አይደለም።

ስለዚህ የምትሠሩ ልጆች፣ ፋይሉ ላይ ስማችሁንና ቀኑን ጻፉ። የመጀመሪያውን ፋይል አታጥፉ። ስትሰጡም ለምን እንደሚውልና ስማችሁ የት እንደሚወጣ ቢያንስ በቴክስት ተስማሙ። የምታሠሩም፣ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ስም መጻፍ ምንም አያስወጣችሁም።