ብዙ ሰው ስላለው እውነት ነው?

«ዶክተር፣ ቴሌግራም ላይ ይሄ ሁሉ ሰው በቅጠሉ ድኛለሁ እያለ እኔ ለምን የስኳር ኪኒን እውጣለሁ?» የሚል ጥያቄ በኢንቦክስ ይደርሰኛል።

የመላሹ ብዛት ግን ዋስትና አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የኮቪድ ጥናት በየሳምንቱ ወደ 250,000 ሰው በፌስቡክ በኩል ይመልስ ነበር። በሜይ 2021 ቢያንስ አንድ ዶዝ የተከተቡ አዋቂዎችን ከትክክለኛው በ17 ፐርሰንት ነጥብ አስበልጦ ገመተ። ወደ 1,000 ሰው ብቻ የጠየቀ፣ ሰዎቹን ግን በዕጣ የመረጠ ሌላ ጥናት ለእውነቱ ቀረበ።

ለምን መሰላችሁ? ፌስቡክ የሌለው አልተጠየቀም፤ ካላቸውም ሊንኩን ነክቶ የሚመልሰው ጥቂቱ ነው። (ወጥም እኮ በደንብ ከተማሰለ ጨው ለመቅመስ አንድ ማንኪያ ይበቃል።)

የቅጠሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ የተሻለው ኮመንት ይጽፋል፣ ያልተሻለው ቻናሉን ለቆ ወጥቷል፣ ወይም ስኳሩ ጨምሮ ድንገተኛ ክፍል ተኝቷል። ኪኒናችሁን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቋርጡ!