ዕቁባችንን ማን ይምራው?



«መሪነት ለተማረ ነው፤ እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ነን» ሲባል እንሰማለን። የደቡብ አፍሪካዋ ሚርትል ዊትቦይ ግን በኬፕታውን የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በአፓርታይድ ዘመን ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ቀጥላም ጓደኞቿን ማሰባሰብ ጀመረች። በ2011 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይገባል የሚለው ስምምነት ቁጥር 189 ሲወጣ ከታገሉለት አንዷ ናት። (ስምምነቱ ያላጸደቁትን አገሮች አያስገድድም።) በ2013 የዓለም አቀፉ የቤት ሠራተኞች ፌዴሬሽን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በ2023 አረፈች።

እኛ ባለንበት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ከባድ ነው። በ2015 ቤይሩት ውስጥ የቤት ሠራተኞች ማኅበር ቢመሠረትም መንግሥት ዕውቅና ነፍጎታል። ዕቁባችንስ? ደብተሩን የምትይዘው፣ ለታመመች እህት መዋጮ የምትሰበስበው መሪ አይደለችምን? ችግሩ ሸክሙ በሁለት ሴቶች ላይ መውደቁ ነው፤ እነርሱ አገር ቤት ሲገቡ ማን ስንት እንዳዋጣ የሚያውቅ ይጠፋል። ስለዚህ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ በየስድስት ወሩ ይቀያየሩ፤ አዲሷም ከቀድሞዋ ጎን አንድ ወር ተቀምጣ ትልመድ። ማንበብ የሚያስቸግራት እህት ገንዘቡን ትቁጠር፤ ጽሕፈቱን ቀስ በቀስ ከጸሐፊዋ ትማራለች።