አሮጌው የተማሪዎች አውቶቡስ የንግድ ቤት ሲሆን



በአሜሪካ አገር ከሚገኙ አጥቢያዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ያረጀ የተማሪዎች አውቶቡስ በጨረታ ገዝታ ወይም ከበጎ አድራጊ ተቀብላ በግቢዋ አቁማለች። ከምእመናኑ መካከል ደግሞ ወጥ አሳምራ የምትሠራ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አለች። «አውቶቡሱን ተንቀሳቃሽ ምግብ ቤት አድርገን ብንሰጣት መተዳደሪያ አይሆናትምን?» ይሉናል።

ሐሳቡ መልካም ነው። መልሳችንም «ሊሆናት ይችላል፤ ነገር ግን መጋዙን ከማንሣታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ» የሚል ነው። በሚገባ ያልታሰበበት ስጦታ ለተቀባዩ ዕዳ ይሆናል። የሰጠው ወገን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የማይነሣውን መኪና፣ የማቆሚያውን ኪራይና የመድኑን ክፍያ ተሸክማ የምትቀረው እናቲቱ ናት። ስጦታ ስለሆነም «አልቻልኩም፣ መልሱልኝ» ለማለት ታፍራለች። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አውቶቡሱ እንዴት እንደ ተሠራ

የአሜሪካ የተማሪዎች አውቶቡስ እንዲሁ በዘፈቀደ የተሠራ መኪና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንክ ሳይር በኒው ዮርክ በጠሩት ጉባኤ 44 የአሠራር ደንቦች ወጡ። ቢጫው ቀለም የተመረጠውም ያን ጊዜ ነው፤ በቢጫ ላይ የተጻፈ ጥቁር ፊደል በማለዳ ጭላንጭል ጎልቶ ስለሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ደግሞ አውቶቡሱ ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ፣ የላሜራው መጋጠሚያም በቀላሉ እንዳይላቀቅ የፌዴራል ደንብ አስገደደ።

ይህ ጥንካሬ የሚገኘው ከብረት አጥንቶቹ ነው። አጥንቶቹ ከወለሉ ተነሥተው፣ በጣሪያው ላይ ዞረው፣ በሌላው ጎን ይወርዳሉ። እንግዲህ ለመሸጫ መስኮት ብሎ አጥንቱን የሚቆርጥ ሰው የአውቶቡሱን ጉልበት መቁረጡን ይወቅ። መስኮቱ በሁለት አጥንቶች መካከል እንዲያርፍ ማድረግ ይሻላል። አጥንት መቁረጥ ግድ ከሆነም፣ ሥራውን የሚያውቅ በያጅ ዙሪያውን በብረት ክፈፍ ያጠናክረው።

ከመግዛት በፊት

ትምህርት ቤቶች አውቶቡሶቻቸውን የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ሞቶ አይደለም፤ ወደ ጓቴማላ የሚላኩት ብዙ አሮጌ አውቶቡሶች ዛሬም በዚያ ሕዝብ ያመላልሳሉ። ቢሆንም የሚከተሉትን ሳይመረምር ማንም ገንዘብ አይክፈል።

አንደኛ፣ ዝገት። በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ሰሜናዊ ግዛቶች የሠራ አውቶቡስ ከሥሩ ይበላል። ከሥር ገብታችሁ ሻሲውንና የወለሉን ብረት በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ብረቱ ከተፈረፈረ ተዉት።

ሁለተኛ፣ ሞተር። ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው በማለዳ ሂዱ። በቅዝቃዜ እንዴት እንደሚነሣ፣ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ፣ ካምቢዮውም ማርሽ ሲቀይር እንደሚመታ ወይም እንደማይመታ ተመልከቱ።

ሦስተኛ፣ ፍሬንና ጎማ። ፍሬኑ የአየር ከሆነ አየሩ ከሞላ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ የሚያፈስ ድምፅ አድምጡ። የጎማው ጥርስ ደህና ቢመስልም ዕድሜው ሊያልፍ ይችላል። በጎኑ ላይ የታተሙት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ክብደት። በአምራቹ ሰሌዳ ላይ የተመለከተው ከፍተኛ ክብደት ከ26,000 ፓውንድ፣ ማለትም 11,800 ኪሎ ግራም ገደማ ከበለጠ፣ ለንግድ ሲነዳ ልዩ የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያጣሩ የገዙ ሰዎች አውቶቡሱን የሚነዳላቸው ያጣሉ። ትንሹ አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ወሰን በታች ስለሆነ ለጀማሪ ይመረጣል።

ከተማሪ መኪናነት ማውጣት

በብዙ ግዛቶች ሕግ መሠረት ተማሪ የማያመላልስ አውቶቡስ ቢጫ ቀለሙ ይቀየራል፣ ጽሑፉ ይፋቃል፣ ብልጭ ድርግም የሚሉት መብራቶችና በጎኑ የሚዘረጋው የ«ቁም» ምልክት ይነሣሉ። የባለቤትነት ወረቀቱም በአዲሱ አገልግሎት ይመዘገባል። መድን ሰጪውን ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ፤ እንዲህ ዓይነቱን መኪና አንዳንዱ አይቀበልም።

ወንበሮቹ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ከተነሡ በኋላ የጎማ ምንጣፉንና ከሥሩ ያለውን ኮምፔንሳቶ አንሡ፤ የተደበቀ ዝገት የሚገኘው በዚያ ነው። ዝገቱን ፍቃችሁ፣ ቀዳዳውን ደፍናችሁ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ሳትቀቡ አዲስ ወለል አታንጥፉ።

ወጥ ቤት ሲሆን

ምግብ የሚሸጥበት አውቶቡስ በአንድ ጊዜ መኪናም፣ ቤትም፣ ወጥ ቤትም ነው። ስለዚህ የትራፊክ፣ የእሳት አደጋና የጤና መሥሪያ ቤቶች ሁሉም ሊመለከቱት ይመጣሉ። ፕላኑን በወረቀት ነድፋችሁ፣ ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ ለአካባቢው የጤና መሥሪያ ቤት አሳዩ። ከተሠራ በኋላ ማፍረስ እጥፍ ወጪ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ባለ ሦስት ክፍል የዕቃ ማጠቢያ፣ ለብቻው የሆነ የእጅ መታጠቢያ፣ የጭስ መሳቢያና የእሳት ማጥፊያ ነው። ቆሻሻ ውኃ የሚጠራቀምበት ታንክ ከንጹሑ ታንክ በ15 በመቶ እንዲበልጥ የፌዴራሉ የምግብ ደንብ ያዛል፤ ንጹሑ 150 ሊትር ቢሆን የቆሻሻው ቢያንስ 173 ሊትር ይሆናል። 150 ሊትር ውኃ 150 ኪሎ ስለሚመዝን ታንኮቹ መኪናውን ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብሉት ተጠንቀቁ። በዚሁ ደንብ መሠረት ትኩስ ወጥ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች፣ ቀዝቃዛ ምግብም ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ አይቀመጥም።

በጋዝ ረገድ ጥንቃቄ ይበዛል። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ወለል ይወርዳል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከውጭ፣ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ይሁን። የጀነሬተር ጭስም ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስላለበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይደረግ።

ስለ እንጀራ አንድ ምክር አለን። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል። ይህን ለመሸከም ትልቅ ጀነሬተር መግዛት አያዋጣም። እንጀራው ፈቃድ ባለው ወጥ ቤት ሌሊት ተጋግሮ ይምጣ፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ወጡ ይሙቅ፣ ማዕዱም ይቀርብ።

ሒሳቡ

አሮጌ አውቶቡስ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛል፤ ሙሉ ወጥ ቤት ማድረግ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቅ ይችላል። ከሁለቱም የሚከብደው በየወሩ የሚመጣው ነው፦ መድን፣ ማቆሚያ፣ የወጥ ቤት ኪራይ፣ ፈቃድ፣ ነዳጅ፣ ጥገና። ለምሳሌ ያህል ይህ ሁሉ በወር 2,400 ዶላር ይሁን። ከአንድ ሳሕን ምግብ የግብዓቱ ዋጋ ሲቀነስ 4 ዶላር ቢተርፍ፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 600 ሳሕን መሸጥ አለበት። በወር 20 ቀን ቢሠራ በቀን 30 ሳሕን ነው። እናቲቱ ለልጆቿ አንድ ዶላር የምታገኘው ከ31ኛው ሳሕን ጀምሮ ነው። ዝናብና በረዶ የሚያስቀረውን ቀንም አትርሱ።

ይህን ቁጥር ከእርስዋ ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩ እንጂ ስለ እርስዋ አትሥሩላት። ለሦስት ወር ያህል ፈቃድ ካለው ወጥ ቤት እየሠራች በትእዛዝ ትሽጥ። በቀን 50 ሳሕን የሚገዛ ሰው ካገኘች አውቶቡሱ ይጠቅማታል፤ 15 ብቻ ከሆነ አውቶቡሱ ደንበኛ አይወልድላትም። ያን ጊዜ አውቶቡሱን ሸጦ ገንዘቡን ለመቋቋሚያ መስጠት የተሻለ ፍቅር ነው። ውኃና እሳት የማይሹ ሥራዎችም አሉ። የልብስ መሸጫ፣ የብስክሌት መጠገኛ፣ የመጻሕፍት መደብር ለመሥራት ወጪውም ፈቃዱም ይቀላል።

ለሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ጌታ ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተናገረውን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። አውቶቡስም እንደዚያው ነው። ስትሰጡ የባለቤትነት ወረቀቱ በማን ስም እንደሚሆን፣ ሞተሩ ቢሰበር ማን እንደሚያሠራ፣ ሥራው ባይሳካ እንዴት ያለ ኀፍረት እንደሚመለስ በጽሑፍ ተስማሙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥሩ «ይሆናል» ካለ፣ መጋዙን አንሡ። ከምእመናኑም መካከኑ፣ በያጁና ቀለም ቀቢው እጃቸውን ይዘው ይምጡ፤ ለአንዲት ቤተሰብ የዕለት እንጀራ የሚያስገኝ ሥራ ነውና።