የኢጣልያ የስፖርት መኪና መልክና የገዢው ዓይን

ቡና በደረጃው፣ ብረት በውፍረቱ፣ ጨርቅ በሜትሩ ይሸጣል። ሻጭና ገዢ ባይስማሙ መለኪያው በመካከላቸው ገብቶ ይፈርዳል። የዕቃ መልክ ግን እንዲህ ያለ ዳኛ የለውም። አንዱ «እጅግ ያማረ» ያለውን ሌላው «ከልክ ያለፈ» ይለዋል፤ ሁለቱም ገንዘባቸውን ይዘው ከገበያው የቆሙ ናቸውና የሁለቱም ፍርድ በንግድ ዘንድ ዋጋ አለው። ይህ ነገር እንደ ኢጣልያ የስፖርት መኪና ጎልቶ የታየበት ሸቀጥ ጥቂት ነው። የሞተሩ ጉልበትና የፍጥነቱ ልክ በቁጥር ሊነጻጸር ይቻላል፤ ገዢን ከገዢ የለየው፣ አስመጪውንም አንድ ጊዜ ያስደሰተው፣ አንድ ጊዜም ያስጨነቀው ግን መልኩ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ላሜራውን የሚቀርጹት ቤቶች

የኢጣልያ የመኪና ሥራ ለኢትዮጵያ አንባቢ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በየጋራዡ የሚነገሩት ጎማ፣ ፍሬን፣ ኮፈንና ላሜራ የሚባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የስፖርት መኪናውም የመልክ ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ከላሜራው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ፋብሪካው በአብዛኛው ሞተሩንና ሻንሲውን ይሠራ ነበር እንጂ መኪናውን የሚያለብሰው ሌላ ድርጅት ነበር። ጆቫኒ ቤርቶኔ በ1912፣ ባቲስታ ፋሪና ደግሞ በ1930 ይህን መሰል ድርጅት በቶሪኖ ከተማ አቋቋሙ። ፋሪና ከልጅነቱ ጀምሮ «ፒኒን»፣ ይኸውም «ትንሹ» እየተባለ ይጠራ ስለነበር ድርጅቱ ፒኒን ፋሪና ተባለ፤ በ1961 ሁለቱ ቃላት በሕግ ተጣምረው የቤተሰቡ ስም ፒኒንፋሪና ሆነ።

በጠቅላላው ሲታይ ከነዚህ ሁለት ቤቶች ሁለት ዓይነት ጠባይ ወጣ። ፒኒን ፋሪና በ1947 ለቺዚታልያ ድርጅት የሠራው 202 የሚባለው መኪና ኮፈኑ፣ ጎኑና ጣራው ያለ ማቋረጥ እርስ በርሱ የሚያያዝ፣ ጌጥ ያልበዛበት ነበር። የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1951 ስምንት መኪናዎችን መርጦ ባሳየ ጊዜ ይህ መኪና ከስምንቱ አንዱ ሆነ። ዝግ ያለና የታረመ መልክ የሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ሥራ እንደ ምሳሌ ይጠቅሱታል።

የቤርቶኔ ቤት ግን ድፍረትን መረጠ። በዚያ ይሠራ የነበረው ማርቼሎ ጋንዲኒ ለላምቦርጊኒ ፋብሪካ የቀረጸው ሚዩራ በ1966 በጄኔቭ ኤግዚቢሽን ቀረበ። የሚዩራ ሞተር ከነጂው ጀርባ በመሆኑ ፊቱ ዝቅ ያለ፣ ወገቡ ለስላሳ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ያው ጋንዲኒ በዚያው በጄኔቭ ፍጹም ሌላ ነገር አሳየ፤ ጠፍጣፋ ገጾች የተገጣጠሙበት፣ እንደ ፍልጥ መፍለጫ ሽብልቅ ከፊት የሾለ፣ በሮቹም ወደ ሰማይ የሚከፈቱ መኪና። ስሙ ኩንታች ተባለ፤ ይህም በፒዬሞንቴ አገር ሰው ሲደነቅ የሚያሰማው ቃል ነው። መኪናው በ1974 ለሽያጭ ሲወጣ ሚዩራን ከወደዱት ብዙዎቹ አልወደዱትም፤ ወጣቶች ግን ሥዕሉን በየክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ይህ ሁሉ የሠሪው ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ፌራሪ በ1984 ያወጣው ቴስታሮሳ በሁለቱ ጎኖቹ ላይ ረጃጅም አግድም ዘንጎች ተደርድረውበታል። ራዲያተሮቹ ወደ ጎን ተዛውረው ሰፊ የአየር መግቢያ ስላስፈለጋቸውና በአንዳንድ አገሮች ሕግ እንዲህ ያለ ክፍት ቀዳዳ ስለማይፈቀድ ዘንጎቹ መሸፈኛ ሆነው የገቡ ናቸው። ገዢው ግን ይህን አልጠየቀም፤ አንዱ የዘመኑ ጌጥ ናቸው ብሎ ወደዳቸው፣ ሌላው የአይብ መፈቅፈቂያ ይመስላሉ ብሎ ተሳለቀባቸው።

አስመጪው በመልክ ላይ ያለው ሥልጣን

የነጋዴን ልብ ይበልጥ የሚስበው የነዚህ መኪናዎች መልክ በቶሪኖ ብቻ አለመወሰኑ ነው። በቪዬና ተወልዶ በኒው ዮርክ የአውሮፓ መኪናዎችን ያስመጣ የነበረው ማክስ ሆፍማን የአሜሪካን ገዢ ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አልፋ ሮሜዮ በ1954 ጁሊዬታ ስፕሪንት የተባለውን ባለ ጣራ መኪና ሲያወጣ፣ ሆፍማን ገበያው የሚፈልገው ጣራው የሚከፈት መሆኑን ለፋብሪካው አስታወቀ፤ ብዙ መኪና ለመግዛትም ቃል ገባ። ፋብሪካው ሁለቱን የቶሪኖ ቤቶች ንድፍ አስቀረባቸው። የቤርቶኔው ሹልና ደፋር፣ የፒኒን ፋሪናው ቀለል ያለና ረጋ ያለ ነበር። የተመረጠው የኋለኛው ሲሆን በ1955 ጁሊዬታ ስፓይደር ተብሎ ወጣ።

ለፌራሪም እንዲሁ ሆነ። በ1932፣ በ1934 እና በ1949 በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ያሸነፈው ሉዊጂ ኪኔቲ በኋላ በአሜሪካ የፌራሪ አስመጪ ሆነ። እርሱና በካሊፎርኒያ የሚነግደው ጆን ፎን ኖይማን ለፀሐያማው የምዕራብ ዳርቻ የሚስማማ ክፍት መኪና እንዲሠራላቸው ስለ ወተወቱ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ የተባለው ተሠራ። ከ1957 እስከ 1963 ድረስ የተሠራው ከ100 ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው፤ ስሙ ራሱ ለማን እንደታሰበ ይመሰክራል።

ዛሬ የሚሸጠውና ነገ የሚወደደው

ይሁን እንጂ ገዢው በግዢው ዕለት የሚከፍልበት መልክና ጊዜ አልፎ የሚከበረው መልክ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ላንቻ በ1954 እና በ1955 አውሬልያ ስፓይደር የተባለውን ክፍት መኪና ለአሜሪካ ገበያ ሠራ። የፊት መስተዋቱ ወደ ጎን የተጠማዘዘ፣ መስመሩ የጠራ ነበር፤ ነገር ግን የጎን መስኮቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች አይንቀሳቀሱም፣ በሮቹም በውጭ መያዣ አልነበራቸውም። የተሠሩት 240 ብቻ ናቸው። ፋብሪካው በ1956 መስኮቱን፣ የበር መያዣውንና የተሻለ የሸራ ጣራ ጨምሮ ምቹ አድርጎ ቢያወጣው 521 ተሠሩ። በዚያ ዘመን ምቾት መልክን አሸነፈ ማለት ነው። ዛሬ ግን አሮጌ መኪና በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ያ መስኮት አልባው ከምቹው እጅግ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል።

በኩንታችም ታሪኩ ተደገመ። ከ1974 እስከ 1978 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጌጥ የሌላቸው ሲሆኑ ብዛታቸው 150 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ጎማው ሰፋ፣ የጎማው ሽፋን ወጣ ወጣ አለ፣ በስተኋላም ትልቅ ክንፍ በተጨማሪ ክፍያ ይገጠም ጀመር። ክንፉ የመኪናውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚቀንስ ሆኖ ሳለ ገዢዎች ከፍለው አስገጠሙት፤ ለፍጥነት የተሠራውን መኪና ለመልኩ ሲሉ አዘገዩት። በ1988 ፋብሪካው የተቋቋመበትን 25ኛ ዓመት ለማክበር በኦራሲዮ ፓጋኒ እጅ የታደሰው ኩንታች በየቦታው የአየር ቀዳዳና ዘንግ ተጨመረበት። የመጀመሪያውን መልክ የሚያከብሩ ሰዎች «ተበላሸ» አሉ፤ ሆኖም ከ650 በላይ ተሠርቶ ከኩንታች ዓይነቶች ሁሉ በብዛት አንደኛ ሆነ። ዛሬ በጨረታ ላይ የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው፣ ጌጥ የሌለው ነው።

ከዚህ ተነሥቶ በዘመኑ ያልተወደደ ሁሉ ኋላ ወርቅ ይሆናል ማለት ስሕተት ነው። ፌራሪ በ1973 ከለመደው ከፒኒንፋሪና ወጥቶ 308 ጂቲ 4 የተባለውን ባለ አራት መቀመጫ ለቤርቶኔ ሰጠ። ማዕዘን የበዛበት መልኩ የፌራሪን ደንበኞች ቅር አሰኘ፤ በ1975 ፒኒንፋሪና ያወጣው ለስላሳው 308 ጂቲቢ ግን ወዲያው ተወደደ። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ እንኳ የመጀመሪያው በዋጋ ከሁለተኛው ያንሳል። ጊዜ ፍርዱን ይለውጣል፤ ሁልጊዜ ግን አይለውጥም።

ለአስመጪ ከሁሉ የሚከብደው ምሳሌ ከኪኔቲ የመጣ ነው። እርሱ 275 ጂቲቢ 4 የተባለውን ፌራሪ ጣራው እንዲከፈት አድርጎ በ1967 አሠራ። መልኩ የሚነቀፍ አልነበረም፤ ገዢው ግን እንደታሰበው ስላልመጣ ሥራው በ10 መኪና ቆመ። ከነዚያ ከ10ሩ አንዱ በነሐሴ ወር 2013 በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ ጨረታ በ27.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ኪኔቲ ዓይኑ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ነጋዴ ገንዘቡን 46 ዓመት አስሮ ሊጠብቅ አይችልም። እውነተኛ ውበት ቢሆንም እንኳ ያለ ጊዜው ከመጣ በመጋዘን የታሰረ ገንዘብ ነው።

መልክን የሚወስነው ማን ነው?

ያ የሥራ ክፍፍል ዛሬ ተለውጧል። በ2013 የቀረበው ላፌራሪ በፋብሪካው በራሱ የንድፍ ክፍል የተቀረጸ ነው። የቤርቶኔ ድርጅት በ2014 ከሰረ፤ ፒኒንፋሪናን ደግሞ የሕንዱ ማሂንድራ ለመግዛት በ2015 ተስማማ። የገዢው ምርጫ ግን አልቀረም፤ መልኩን ቀይሷል። ፌራሪ ከ2011 ጀምሮ ደንበኛው ቀለሙን፣ ቆዳውንና ስፌቱን እንደ ልኩ እንዲያሠራ የሚያስችል አገልግሎት ያቀርባል። ቀድሞ የላሜራውን ቅርጽ ያስለወጠ ሀብታም ዛሬ ክሩንና ቀለሙን ያስለውጣል።

ልዩ ልዩ መልክ ያለው ዕቃ የሚነግድ ሁሉ፣ ጫማም ቢሆን፣ መጋረጃም ቢሆን፣ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። ሆፍማን የተሳካለት የራሱን ዓይን ትቶ የገዢውን ስላየና ያየውንም ለፋብሪካው በጊዜው ስለ ነገረ ነው። ኩንታችን ያስጌጡት ገዢዎች ከነቃፊዎቻቸው ይልቅ ለፋብሪካው እንጀራ ሆነውታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ ብዙውን ገንዘብ ዛሬ በሚጠየቀው መልክ ላይ ያውላል፤ ጥቂቱን ደግሞ ጌጥ ለሌለውና ለጠራው ያስቀምጣል። በራሱ ዓይን የወደደውን ብቻ ያመጣ እንደሆነ ግን ዕቃውን ከመሸጥ ይልቅ ሲያደንቀው ይኖራል።